የእባብ መርዝ ማርከሻ ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ወረድ ሲባል ማሽላው ታጭዶ ሲከመር እፉኝት አገዳው ሥር ይገባል። ሰው ሲመጣበት አይሸሽም፤ ከአፈሩ ጋር ተመሳስሎ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ሲረገጥ ግን ይነድፋል። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ የሚሯሯጠው ገመድና ምላጭ ፍለጋ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ መፈለግ ያለበት ማርከሻው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእባቡ መርዝ ተወስዶ በጣም በትንሽ በትንሹ ፈረስ ይወጋል። ፈረሱ አይሞትም፣ ሰውነቱ መርዙን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ያመርታል፤ እሱ ከደሙ ተለይቶ ይጣራና በብልቃጥ ይታሸጋል። ስለዚህ የሚያድነው ከተሠራባቸው እባቦች መርዝ ነው። ለህንድ እባቦች የተሠራው ለእኛ እፉኝት አይሆንም።

የሚሰጠው በደም ሥር፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ያንን የሚያስታግሰው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ አጠገቡ መዘጋጀት አለበት። የልጅና የአዋቂ መጠኑ እኩል ነው፤ እባቡ ልጅ ነው ብሎ መርዝ አይቀንስም።

ግን ለተነደፈ ሁሉ አይሰጥም፤ አንዳንዴ እባብ ነድፎም መርዝ ሳይለቅ ይቀራል። አንዱ መለያ ቀላል ነው። ትንሽ ደም ንጹሕ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረግና 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ቱቦው ዘንበል ይደረጋል። ደሙ ሳይረጋ እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

እስከዚያስ? አብሽር በሉት፣ አስተኙት። እግሩ ወይም እጁ ሊያብጥ ስለሚችል ቀለበት፣ አምባር፣ ጫማ ቶሎ አውልቁ፣ የተነደፈውን በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሰር መርዙን አያስቀርም፣ ደም አቋርጦ እግር ያስቆርጣል እንጂ። አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይም አትለጥፉ። እባቡን ልግደል ብሎ የሚሮጥ ሁለተኛ ተነዳፊ ይሆናል፤ ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ከተቻለ ይበቃል።

በቃሬዛም ሆነ በባጃጅ ይሂድ፣ በእግሩ ግን አይራመድ። ማርከሻ ጤና ጣቢያ ሁሉ አይገኝም። እናንተ ስታጓጉዙት አንድ ሰው እየደወለ ኮምቦልቻ ይኑር ደሴ ይጠይቅ፤ በመሃል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ዳገት ነው።