«ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ስንል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ግንቦት 12 ከአባታችን ከተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አፅም ጋር የታላቁን ሰባኪ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅንም መታሰቢያ አከበርን። ዕለቱን በአንድ ጉባኤ አሳልፌ ልቤ አዝኖ ተመለስሁ። ሰባኪው ድምፀ መልካም ነው፥ መጽሐፍም ያውቃል። ግን አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ «እልል በሉ! አልሰማሁም! ጮክ በሉ!» ይላል። ሕዝቡ እልል ይላል፥ ያጨበጭባል፤ ግማሹ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ሲያልቅ በሩ ላይ ያገኘኋቸውን ሦስት ወጣቶች «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ደስ ይል ነበር» አሉኝ። የትምህርቱን ርእስ ግን አንዳቸውም አላስታወሱትም። ያውም በአፈወርቅ ቀን!

ቅዱስ ዮሐንስ ይህን በሽታ ያውቀዋል። በዘመኑ ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቲያትር እንደሚያይ ያጨበጭብ ነበር። አንድ ቀን የሐዋርያት ሥራን ሲተረጕም፥ ሰው እያስተማረ ሳለ ማንም እንዳያጨበጭብ ሥርዓት እንሥራ አላቸው። ይህንንም ሲናገር ሁካታው አልተወውም። በዚያው ትምህርቱ ልቡን ከፍቶ ነገራቸው፦ ሲያጨበጭቡለት ሰው ነውና ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ ቤቱ ገብቶ ያጨበጨቡለት ሰዎች ምንም እንዳልተጠቀሙ ሲያስብ ግን ያለቅሳል። ከእኛ ከሰባክያን መካከል ከጉባኤ ተመልሶ በዚህ ምክንያት ያለቀሰ ማን ነው?

ከሕይወቱ ሁሉ እኔ አብዝቼ የምወደው ግን ዝም ያለበትን ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. በአንጾኪያ ሕዝቡ በግብር ተቈጥቶ የሮሙን ንጉሥ የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ምስሎች ገለበጠ። ከተማዋ ቍጣው መጣብን ብላ ተንቀጠቀጠች። ዮሐንስ ቅስና ከተቀበለ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። የንግግርን ጥበብ ከታዋቂው መምህር ከሊባንዮስ ተምሯል፥ ቃል አያጥረውም። ሕዝቡም ከምንጊዜውም ይልቅ ቃል ይፈልግ ነበር። እርሱ ግን ሰባት ቀን አልተናገረም። በመጨረሻ አፉን ሲከፍት፥ እንደ ኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም አልን አላቸው። ያን ሰሞን ያስተማራቸው ትምህርቶች እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ የተወለዱት ግን ከዚያ ዝምታ ነው።

ኢዮብ 2፥13ን እስቲ ገልጣችሁ አንብቡ። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ መከራው እጅግ እንደ በዛ አይተዋልና አንዳቸውም ቃል አልተናገሩትም። መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው ብትከተሉት እነዚህ ሰዎች ከሠሩት ሁሉ የሚያምረው ይህ ዝምታ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ የሚያውቁትን ሁሉ ዘረገፉ፥ የኢዮብን ጩኸት ግን አልሰሙትም። በምዕራፍ 42ም የእግዚአብሔር ቍጣ ነደደባቸው።

ይህን የምጽፈው በሌላው ለመፍረድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠፈራችን አንዲት እናት ሴት ልጃቸውን ቀበሩ። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ እንዳስተምር ተጠራሁ። ከሌላ መርሐ ግብር በሩጫ ደርሼ ማይኩን ተቀበልሁና ስለ ትንሣኤ ሙታን የማውቀውን ሁሉ ተናገርሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብኝ። ሕዝቡ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ፤ እኔም እንደ ምስጋና ተቀብዬው ወጣሁ። በድንኳኑ ደጃፍ አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዘው «ልጄ፥ የልጅቷን ስም እኮ አንዴም አልጠራኸውም» አሉኝ። ስላልጠየቅሁ አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ምርቃት ጆሮዬ ላይ ተለውጧል። «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» እኮ «ጥሩ ተናገርህ» ማለት አይደለም። ለእኛ የተናገረውን ሰው እግዚአብሔር የሕይወትን ቃል ያሰማው ብለን መለመናችን ነው። ሰባኪ ሆይ፥ ከዐውደ ምሕረቱ በወረድህ ቍጥር ሕዝቡ ሰሚ እንድትሆን ይጸልይልሃል!

ስለዚህ አገልጋይ ወንድሞቼ፥ ማይክ ከመጨበጣችን በፊት ፊታችን የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ሐዘንተኛ ነው? ሙሽራ ነው? ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ ነው? አንድ ኀይለ ቃል፥ ማለት አንድ ዋና ጥቅስ፥ ይዘን እርሱኑ እናብራራ። ቅዱስ ጳውሎስ በልሳን እልፍ ቃላት ከመናገር ይልቅ በአእምሮዬ አምስት ቃላት ልናገር ብሏል፤ ይህን ያለው ቃል ያጠረው ሰው አይደለም። ማይክ ካለ ጩኸት ለምን? ከኋላ የተቀመጡት እናት ይሰማሉ ወይ ብሎ አንዴ መጠየቅ ይበቃል። ከከባድ ቃል በኋላም ጥቂት ዝም እንበል፥ ሰው ያስብበት።

ምእመናን ደግሞ አትቀየሙኝ፤ መስማትም ሥራ ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ «ቁሙ ወአጽምዑ ወንጌለ ቅዱሰ» (ቁሙ፥ ቅዱስ ወንጌልንም አድምጡ) ሲል ጆሮን ማዘንበልን ጭምር እያዘዘ ነው። በነህምያ 8 ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን ሲያነብ ሕዝቡ ሁሉ ያደምጥ ነበር፤ ሲገባቸውም አለቀሱ። እኛ ስልካችን ይስማልን ብለን እንቀርጻለን፥ ቤት ገብተንም አንከፍተውም። ጌታችን በ12 ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ምን ሲያደርግ ተገኘ? ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው። ሁሉን የሚያውቅ እርሱ ከሰማ፥ እኛ ከጉባኤ ስንወጣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ይዘን አለመውጣታችን ያሳዝናል። በጉባኤ ቤት፥ በመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ቤት፥ ተማሪ የኔታ የተረጐሙትን በጆሮው ይዞ ለጓደኛው ይመልሳል። እናንተም ቤት ስትገቡ ከትምህርቱ አንዲት ነገር ላልመጣው ሰው ንገሩት፤ መስማታችሁን ያኔ ታውቁታላችሁ።

ወደዚያ ቤት በአርባው ተመልሼ ሄድሁ። እናትየው አጠገብ ተቀምጬ «ስለ እርሷ ይንገሩኝ» አልኋቸው። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲደርስ የተናገሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም እንደ ነበረ፥ ሐኪም ቤት በመጨረሻዋ ሌሊት ድምፅዋ ሲደክም «እማ፥ ውዳሴ ማርያም ድገሚልኝ» እንዳለቻቸው፥ እርሳቸውም ማንበብ ስለማይችሉ በቃላቸው የያዙትን ያችኑ ጥቂት ደጋግመው እስኪነጋ እንዳሉላት ነገሩኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።