ደቦ፣ ወንፈልና ጅጌ፦ የደገኛው ገበሬ የጉልበት ብድር

ደቦ አንድ ገበሬ ከቤተሰቡ ጉልበት በላይ የሆነበትን ሥራ ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ በአንድ ቀን የሚጨርስበት ልማድ ነው። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ የጉልበት ብድር ነው። የጅጌ ትርጉም እንደየአገሩ ይለያያል፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ባደገበት በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ሰው የሚወጣበትና ብድር የማይጠየቅበት እርዳታ ነው። ለባልቴት፣ ለታመመ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ወይም ለደብር ይወጣል። ከተሜው ሦስቱንም ጠቅልሎ "ደቦ" ይላቸዋል። ገበሬው ግን አያምታታቸውም። ለወንፈል የወጣ ሰው ጠላ ቢጎድል አይቀየምም፤ ለደቦ የተጠራ ግን ጠላው ከቀጠነ እስከ ከርሞ ያስታውሰዋል።

ስለነዚህ ልማዶች የሚጻፈው አብዛኛው "ድር ቢያብር" ብሎ ጀምሮ በምስጋና ያልቃል። እዚህ ይበልጥ የተተኮረው በአሠራሩ ላይ ነው።

ስያሜና ዘመዶቹ

"ደቦ" የሚለውን ቃል አማራውም ኦሮሞውም ይጠቀምበታል። ከየትኛው ወደ የትኛው ተሻገረ በሚለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩ ለሥራው የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ አንገባበትም። ትግርኛ ተናጋሪው ተመሳሳዩን ልማድ ወፈራ ይለዋል። ወንፈል ግን የእኛው የደገኛው ቃል ነው፤ ሰምቶ ትርጉሙን የሚጠይቅ ሰው ገጠር አላደገም።

መቀናጆ የወንፈል የሥጋ ዘመድ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በፈረቃ ያርሳሉ። ጭራሹን በሬ የሌለው ጉልበቱን በበሬ ይለውጣል፤ በእኛ ቀበሌ ጥማድ በሬ ለአንድ ቀን የወሰደ ሰው ሁለት ቀን በጉልበቱ ይመልስ ነበር።

ሒሳቡ

የወንፈል ሕግ አጭር ነው፦ ቀን ለቀን፣ ሰው ለሰው፣ ሥራ ለሥራ። አጨዳ የወጣልህን በአጨዳ ትመልሳለህ። ሥራ በሳሳበት በየካቲት ልክፈልህ ማለት ነውር ነው። የታመመ ሰው ልጁን ይልካል፤ ልጁ እንደ ሙሉ ሰው የሚቆጠረው ግን ማጭድ ይዞ ከተርታው ሳይቀር ማሳው ጫፍ ሲደርስ ነው። እኔ በ14 ዓመቴ ተቆጠርኩ፤ ያውም አባቴ ተከራክሮልኝ።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። በቃል የምትይዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት። እንጀራውን ቆጥራ ያቀረበች እርሷ ስለሆነች ማን ስንት ቀን እንደወጣ ከባሏ ይልቅ እርሷ ታውቃለች። ሁለት ገበሬዎች በቀን ቁጥር ከተጣሉ ነገሩ የሚቋጨው ሚስቶቻቸው ምንጭ ላይ ተገናኝተው ሲተሳሰቡ ነበር።

ደቦ ለወንዱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለሴቷ ግን የሳምንታት። ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ይጠነሰሳል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል። ከዋዜማው ጀምሮ ምጣዱ አይበርድም። ሴቶቹም በበኩላቸው ለውኃው፣ ለእንጨቱና ለጥጥ ፈተላው የራሳቸው ወንፈል ነበራቸው። ስለ ደቦ የሚጽፉ ወንዶች (እኔን ጨምሮ) ይህን ክፍል ሁልጊዜ ያሳጥሩታል።

ቀኑ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው የወሩ በዓል ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እንዲሁም በየደብሩ ታቦት ቀን ሞፈር አይነካም፣ ማጭድም አይነሣም። ቅዳሜና እሑድ ሲጨመሩ ለሥራ የሚቀረው ቀን ጥቂት ነው። ሥራውን በአንድ ቀን የመጨረስ ጥድፊያም በከፊል ከዚህ ይመጣል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ሥራው በዱዓ ይከፈታል፤ በጠላው ፈንታ ቀሪቦ (የማያሰክር የገብስ መጠጥ) እና ቡና ይቀርባል።

የአጨዳ ቀን

የጤፍ አጨዳ ጤዛው ሳይነሣ ይጀመራል፤ ፀሐይ ከበረታች ፍሬው ይረግፋል። አጫጆቹ ማሳው ጠርዝ ላይ በተርታ ይቆማሉ። ሁለቱ ፈጣን አጫጆች በሁለቱ ጫፍ ይደረጋሉ፤ መሐል ያለው ሰነፍ ወደ ኋላ ቢቀር ከግራና ከቀኝ ተከብቦ ለሁሉ ይታያል። አውራጁ ዜማውን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ጎበዝ አውራጅ የሰነፉን ስም ግጥሙ ውስጥ ሸንቆጥ አድርጎ ያስገባዋል፤ ተርታው በሳቅ ይረበሻል፣ የተነካው ሰው ግን እስከ ምሳ ቀና አይልም።

ባለቤቱ በዚያ ቀን ማጭድ አይዝም። ገንቦና ሽክና ይዞ ከተርታው ኋላ ኋላ ይሄዳል፣ ያጠጣል፣ ነዶውን ያያል። ረፋድ ላይ ንፍሮ ይመጣል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ስለሚገባ የአጨዳ ደቦ ወጥ ሽሮ ነው፤ የአገሬ ሰው የኅዳር ሽሮን የሚያህል ወጥ የለም ቢል ከዚያ ነው። ማምሻውን የመጨረሻዋ ቁራጭ ላይ ሲደረስ ማንም አይዘፍንም፤ ሁሉም ይሽቀዳደማል።

ውቂያው ከዚህ ያነሰ ሰው ይፈልጋል። ዐውድማው በእበት ይለቀለቃል፣ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ በመንሽና በላይዳ ገለባው ከፍሬው ይለያል። ጎጆ ሲሠራ ግን ደቦው እንደገና ይሰፋል። ክዳኑ እንዳለ ተነሥቶ በሰው ትከሻ ወደ አዲስ ግድግዳ ሲሄድ ያየ ሰው አይረሳውም።

ታሪክ

በርስትና ጉልት ዘመን ገበሬው ከራሱ ደቦ ሌላ በባለ ጉልቱ ሁዳድ (የራሱ እርሻ) ላይ ያለ ክፍያ ያርስ፣ ያርምና ያጭድ ነበር። ሁዳዱም በተርታና በዜማ ይሠራ ስለነበር ሁለቱን የሚያደባልቁ አሉ፤ አባቶቻችን ግን በግዳጅ የተወጣበትን ሥራ ደቦ ብለው አልጠሩትም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት እልቂቱ በሬውን ሲጨርሰው መሬቱ በዶማ ተቆፈረ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው አርአያ እንደሆኑ ይነገራል።

የተሻለ ሰነድ ያለው ከአብዮቱ ወዲህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን በ10 ሄክታር ወሰነ፣ የገበሬ ማኅበራት በ800 ሄክታር (20 ጋሻ) ስፋት እንዲደራጁ አዘዘ። ለጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙም የማይነሣው ድንጋጌ ነው፦ እንደ አቅመ ደካሞች ካሉት በቀር ገበሬ መሬቱን በቅጥር ጉልበት እንዳያሳርስ ተከለከለ። ቀጥሮ ማሠራት የተከለከለ ገበሬ የቀረለት ወንፈሉ ነበር። በእኛ አገር ወንፈል እንደዚያን ጊዜ ጠንክሮ አያውቅም ሲሉ የሰማኋቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ ደርግን የሚወዱ ሆነው አይደለም።

ዳሩ ግን ማኅበሩ ራሱ ጠሪ ሆነ። የዘማች ቤተሰብ ማሳ በማኅበሩ ትእዛዝ ይታረስና ይታጨድ ነበር። ሥራው መልካም ነበር፤ የቀረ ግን ይቀጣል፣ ጠላ የለም፣ ዜማውም መፈክር ሆነ። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሦስት እርከን መጡ። በመልባ መሬቱ በጋራ ሆኖ አባሉ በግሉ እስከ 2000 ካሬ ሜትር ይይዛል። በወልባ በሬውና መሣሪያውም የማኅበሩ ይሆናል፣ የግል ቦታውም ወደ 1000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ወይላንድ በርካታ ማኅበራት የሚዋሐዱበት ከፍተኛው እርከን ነበር። ክፍፍሉ በሥራ ነጥብ ነው፤ መዝጋቢው በየቀኑ ማን ስንት ነጥብ እንዳገኘ ይጽፋል። ሚስቶች በቃል ይዘውት የነበረው ሒሳብ መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በነጥቡ ተጣልቶ ምንጭ ላይ የሚታረቅ ሰው አለመኖሩ ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ፈረሱ። በሬው ወደ ባለቤቱ፣ ወንፈሉም ወደ ወንፈሉ ተመለሰ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል "ቢሮክራት" የተባሉት የቀድሞ የማኅበር አመራሮች ይዞታ ወደ 4 ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) ዝቅ እንዲል ተደረገ። ድልድሉ ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። በእኛ ሰፈር መሬት የሰጠውና የተቀበለው ለዓመታት ወንፈል አልተጠራሩም። ከዚያ በኋላ የልማት ቡድን፣ አንድ መሪ አምስት ሰው የሚይዝበት አንድ ለአምስትና በየዓመቱ በበጋ የሚወጣበት የተፋሰስ ሥራ መጡ። በተዳፋቱ ላይ የተሠራው እርከን ጥሩ ነው፣ ደኑም ተመልሷል፤ በሪፖርት ላይ ግን ሥራው "ደቦ" መባል አልነበረበትም።

መዳከሙ

ብዙ ጊዜ ወጣቱ ይወቀሳል። እውነቱን ለመናገር ግን ደቦን በየተራ ያከሰሙት ሥራውን ያቀለሉ ነገሮች ናቸው። የጤፍ አረም ደቦን ፀረ አረም ኬሚካል አስቀረው፤ አንድ ሰው መርጫ አዝሎ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የክዳን ደቦን ቆርቆሮ አስቀረው። ስንዴ በኩታ ገጠም በተዘራበት ኮምባይነር በኪራይ ይገባል። በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ብዙው እህል ማሳ የከሰል ዛፍ ሆኗል፤ ዲከረንስ የሚባለው ይህ ዛፍ ከተተከለ አረምም አጨዳም የለውም። ወጣቱም በአጨዳ ወራት ለሰሊጥ ወደ መተማና ሑመራ ይወርድ ጀመር፤ ጉልበቱ እዚያ በቀን ዋጋ ስለሚተመን ሲመለስ ቀን ለቀን ማለት አይዋጥለትም።

እድርና እቁብ ከተማ ገብተው ለመዱ፤ ዋሽንግተን ድረስ ተሻግረዋል። ደቦ አብሯቸው ያልሄደው መክፈያው ገንዘብ ስላልሆነ ይመስለኛል። እድር መዋጮ ነው፣ እቁብ ቁጠባ ነው፤ ሁለቱም በብር ይቆጠራሉ፣ ብር ደግሞ የትም ይሠራል። የወንፈል ቀን ግን እዚያው ማሳ አጠገብ ካልተከፈለ አይከፈልም።

ቃሉ ዛሬ

ቃሉ ግን ከተማ ገብቷል፤ አገባቡ አያኮራም። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ሕዝብ ተሰብስቦ ያለ ዳኛ ሰው ሲደበድብ ወይም ሲገድል "የደቦ ፍርድ" ይላሉ። የሚሉት ነገር ይገባኛል፤ ብዙ ሰው አንድ ሆኖ የሠራው ስለሆነ ነው። ሆኖም ደቦ ላይ ማን እንደጠራ፣ ማን እንደመጣና ማን ምን እንደሠራ ይታወቃል፤ መንጋ ውስጥ ግን ይህ አይታወቅም። የአዲስ አበባ ልጅ ቃሉን በመጀመሪያ የሚሰማው በዚህ ትርጉሙ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ አንዱ ምክንያት ነው።

ሥራው ራሱ ፈጽሞ አልጠፋም። ለቤት ምርጊት ዛሬም ጎረቤት ይጠራል። በመከር ወቅት የሞተ ሰው ማሳ ላይ አገሩ በሙሉ ወጥቶ ያጭዳል፤ ለዚያ የሚጠራ የለም፣ ሰው በራሱ ይመጣል። ወንፈሉ በቀረባቸው ቤቶችም ቢሆን ሒሳቡ አልተዘጋም። ጎረቤታችን የአንድ ቀን አጨዳ እዳ ሳይመልስ ለሰሊጥ ወደ ሑመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። እናቴ ስሙ በተነሣ ቁጥር "አንድ ቀን አለበት" ትላለች።