የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ፎቶግራፍ

በመልሶ ማልማት የሚነሡ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን ከነቤታቸውና ከነነዋሪዎቻቸው በካሜራ መመዝገብ ከ2000ዎቹ ወዲህ ራሱን የቻለ የፎቶግራፍ ሥራ ሆኗል። በብዛት ፎቶ የተነሡት ልደታ፣ ባሻ ወልዴ ችሎት፣ ዶሮ ማነቂያና ካዛንችስን የመሰሉ የቀበሌ ቤት ይበዛባቸው የነበሩ ሰፈሮች ናቸው።

ቀደም ባለው ዘመን ካሜራ የቤተ መንግሥት ነበር። ከምኒልክ ጀምሮ ነገሥታቱን ያነሣው የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ስሙ ዛሬም ይጠራል።

የሰፈሮቹ የኋላ መልክ የመጣው ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነው በቀበሌ እጅ ገባ። ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ስለ ቆመ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም። ልጆች አድገው ሲያገቡ በግቢው ላይ ቅጥያ ቤት ይሠራል፤ ቧንቧውና መጸዳጃው ግን የጋራ እንደ ሆነ ይቀጥላል። ቡና የሚፈላው፣ ልብስ የሚሰጣው፣ የዕድር ድንኳን የሚተከለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ጥሩ ፎቶ አንሺ ከቤቱ ይልቅ ግቢውን የሚያነሣው ስለዚህ ነው።

በማፍረስ ጊዜ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይነሣል፤ ብርሃን ከላይ ሲገባ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ፣ የሰማያዊ ቀለሙ ቅሪትና የማዳበሪያ ኮርኒሱ ቁራጭ ይታያል። ይህ የሚቆየው ግድግዳው እስኪገፋ ድረስ ብቻ ነው።

በዚህ መስክ ጎልቶ የሚጠቀሰው ሚካኤል ፀጋዬ ነው። ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረው ይህ ባለሙያ የከተማዋን መለወጥ በትዕግሥት ተከታትሏል። ግርማ በርታ በበኩሉ መንገደኞችን በሞባይል ስልክ አንሥቶ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ በአንድ ደማቅ ቀለም ይተካል፤ በእ.ኤ.አ. 2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጋፍ አግኝቶበታል። ሥራው ድንቅ ነው፤ ለሰፈር መዝገብነት ግን አያገለግልም፣ ሰፈሩ ከፎቶው ወጥቷልና። አይዳ ሙሉነህ በእ.ኤ.አ. 2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን ለዓለም አስተዋውቋል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስን ሲነካ ሥራው ከባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ነዋሪው ሁሉ በስልኩ ያነሣ ጀመር። የከተማ አስተዳደሩ ሰፈሮቹ ለኑሮ የማይመቹ ነበሩ ይላል፤ ተቺዎች ደግሞ ቅርስና ማኅበራዊ ትስስር ጠፍቷል ባይ ናቸው። የጋራ መጸዳጃውም የዕድር ድንኳኑም በፎቶዎቹ ውስጥ ስላሉ ሁለቱም ወገኖች ምስክር አያጡም።

የፎቶዎቹ ትልቁ ጉድለት መግለጫ ነው። የሰፈር ስም፣ የቤት ቁጥርና ቀን ያልተጻፈበት ብዙ ነው፤ ቀበሌዎች በወረዳ ከተተኩና መንገዱ ከተቀየረ በኋላ ቦታውን ለይቶ የሚያሳየው እዚያው የኖረ ሰው ብቻ ነው።