«ኮሜዲ ነው» ብለው የመለሱልኝ መጽሐፍ

ካች-22ን ለአራት ሰው አውሼ ነበር። አራቱም እዚህ ጎንደር ፒያሳ አብረን ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼ ናቸው። መጽሐፉ ጥጉ ተቀዶ፣ የቡና ጠብታ አርፎበት ተመለሰ፤ ይሁን። የከነከነኝ አብሮት የመጣው አስተያየት ነው። አንዱ «ኮሜዲ ነው» አለ። ሌላው «የፈሪ ታሪክ ነው» አለ። ሦስተኛው ግማሹ ላይ «ሰውዬው መጻፍ አይችልም» ብሎ ትቶታል። አራተኛው ጭራሽ አላነበበውም፤ ግን እሱም አስተያየት አላጣም።

ላላነበባችሁት በአጭሩ። ጆሴፍ ሄለር የሚባል አሜሪካዊ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ዘመኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ዮሳሪያን የሚባል ቦምብ ጣይ ከአንዲት የጣሊያን ደሴት እየተነሣ ይበራል። መብረር ማቆም ይፈልጋል፤ አይፈቅዱለትም። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ያበደ ሰው ከበረራ ይታገዳል፣ ግን ራሱ መጠየቅ አለበት። ከጠየቀ ደግሞ ለነፍሱ ሰግቷል ማለት ነው፣ ለነፍሱ የሚሰጋ ጤነኛ ነው፣ ጤነኛ ይበራል። ካች-22 የምትባለው ይቺ ማነቆ ናት።

«ኮሜዲ ነው»

ያስቃል፤ አልክድም። ዶክተር ዳኒካን ብቻ ውሰዱ። መብረር የሚፈራ የጦር ሐኪም ነው፤ የበረራ አበል እንዳይቀርበት ግን ሳይሳፈር ስሙን ከተሳፋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። ወረቀቱ ሐኪሙ ውስጡ ነበር ይላል፤ ስለዚህ ሞቷል። ሰውዬው ፊታቸው ቆሞ «ኧረ አለሁ!» ሲል ሰሚ የለም። ሚስቱ መርዶ ደረሳት፣ የኢንሹራንስ ገንዘብ ደረሳት፣ በመጨረሻ ልጆቿን ይዛ አድራሻ ሳትተው ሌላ ከተማ ሄደች።

እዚህ ላይ የሳቀውን አልወቅስም። አንድ መሥሪያ ቤት በአካል ቀርቦ «በሕይወት ስለመኖርህ ማስረጃ አምጣ» የተባለ ጡረተኛ ስለማውቅ እኔም ስቄአለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ሐኪሙን የገደለው ጠላት አይደለም። መዝገብ ነው። የዮሳሪያን ድንኳን ውስጥም እንዲሁ የአንድ ሟች ዕቃ አለ፤ ልጁ እንደመጣ ሳይመዘገብ በመጀመሪያው በረራ ስለሞተ በወረቀት «አልመጣም»፣ ያልመጣ ሰው ደግሞ አይሞትም፣ ስለዚህ ዕቃውን የሚነሣው የለም። ሄለር ቀልድ ጨመረበት እንላለን እንጂ ጦርነት ሰውን በቁጥር ሲይዝ የሚሆነውን ነው የጻፈው።

«የፈሪ ታሪክ ነው»

ይሄን ያለኝ ልጅ ፉከራ ላይ የሚወጣ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ «ፈሪ» ቀላል ስድብ አይደለም። ቀረርቶና ሽለላ እየሰማን ነው ያደግነው። ግን ዮሳሪያን ያልበረረ ሰው አይደለም እኮ! የታዘዘውን ቁጥር ሊጨርስ ሲል ኮሎኔሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ደግሞ ሊደርስ ሲል ደግሞ ከፍ፣ መጨረሻ 80 ይገባል። ፌራራ ላይ ድልድዩ በመጀመሪያው ዙር ስላልተመታ ተመልሶ በዒላማው ላይ በርሯል። ድልድዩ ወደቀ፤ አንድ የጓደኞቹ አውሮፕላን ግን ከነሰዎቹ ጠፋ። አለቆቹ አፈሩ። አፍረው ምን አደረጉ? ዝም ከምንል ብለው ሜዳሊያ ሰጡት።

ታዲያ የቱ ላይ ነው ፈሪ የሆነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ከለመድነው ዓይነት ግጥም ጋር ማስተያየታችን ነው። ፉከራ «ስንቱን ጣልሁ» ነው የሚለው። የጦርነት መከራ የሚነገርበት ሌላ ቦታ አለን፣ ለቅሶ ቤት። የእናቶቻችን ሙሾ ጀግናውን ያወድስና ወዲያው ደግሞ «ልጆችህን ለማን ትተህ» ይላል። የሄለር መጽሐፍ እየሳቀም ቢሆን ለሙሾው ይቀርባል።

«አለቆቹን ሊበቀል የጻፈው ነው»

አይደለም። ሄለር ራሱ በቦምብ ጣይነት 60 ጊዜ በሯል፤ በኋላም የራሱ አለቆች መጥፎ እንዳልነበሩ ተናግሯል። መጽሐፉን የጻፈው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ ታማኝነቱን በፊርማ አረጋግጥ የሚባልበት ጊዜ። ወታደሮቹ እህል ለመቅመስ እንኳ የታማኝነት ቃለ መሐላ የሚፈርሙበት ክፍል ከዚያ የመጣ ነው። ስብሰባና መፈክር ያየ የእኛ አገር ሰው ይቺን ያለ ማብራሪያ ይረዳታል።

«የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ዘንድ የለም»

ይሄ ያላነበበው ጓደኛዬ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ይሄን ሲለኝ የተቀመጥንበት ፒያሳ ጣሊያን የሠራው ነው። የጣሊያን ጦር በአገራችን የመጨረሻውን እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሄለር የጣሊያንን ድልድዮች ይደበድብ ነበር። ያው አንድ ጦርነት ነው።

ሁለተኛ፣ ኦሮማይን ረስተሃል ወይ? በዓሉ ግርማ ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጡ ሆኖ አይቶ፣ ጋዜጠኛውን ጸጋዬን ፈጥሮ በ1975 ዓ.ም. ጻፈው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እኛ ዘንድማ አለ። ዋጋውም ይታወቃል።

«መጻፍ አይችልም፣ ታሪኩ ወዲያ ወዲህ ይላል»

ይሄኛው ነው ያበሳጨኝ፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ስኖውደን የሚባል ተኳሽ ልጅ አለ። ስሙን መጀመሪያ የምንሰማው በቀልድ መሐል ነው። ከዚያ ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል፤ አውሮፕላን ውስጥ ተጋድሟል፣ «በረደኝ» ይላል፣ ታሪኩ ይቆረጣል። ሌላ ቦታ ዮሳሪያን ሜዳሊያውን ሊቀበል ራቁቱን ይሰለፋል፤ እንስቃለን። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው፤ 41ኛው ላይ ነው ሁሉንም የምናየው። ዮሳሪያን የልጁን ጭን ቁስል ተጠንቅቆ አሰረ። ማስታገሻ ሲፈልግ ሞርፊኑን አንዱ ነጋዴ ወታደር ወስዶታል። ልጁ አሁንም «በረደኝ» ይላል። ለካ ዋናው ቁስል ጭኑ ላይ አልነበረም፣ ከመከላከያ ልብሱ ሥር ነው፤ ሲከፍተው ሆድ ዕቃው ተዘረገፈ። ያን ደም የነካውን ዩኒፎርም ነው ዳግም አልለብስም ያለው።

ሄለር ይሄን በቀጥታ መጻፍ አቅቶት አይደለም። የሚያመውን ነገር አእምሮ እንዲህ ነው የሚይዘው፤ ይጠጋል፣ ይሸሻል፣ በሳቅ ይሸፍናል፣ ደግሞ ይመለሳል።

ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። አዘዞ የሚኖር አጎት አለኝ። በደርግ ጊዜ ከገበያ ታፍሶ ሰሜን የዘመተ። ስለ ጦርነቱ የሚያወራው አንድ ቀልድ ብቻ ነው። ከስክስ ጫማ ሲታደል ሁለቱም የግራ ደረሰው። ሊያስቀይር ሄደ። የግምጃ ቤቱ ሰው መዝገቡን ገልጦ፣

«አንድ ጥንድ ተረክበሃል፣ ፈርመሃል» አለው።

«ሁለቱም ግራ ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ?»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ስንት ዓመት ሰምተነዋል። አንዳንዴ ትንሽ ይጨምርበታል፤ ሌላ ሻለቃ ውስጥ ሁለት ቀኝ የደረሰው ልጅ እንደነበረ፣ ሲፈላለጉ እንደከረሙ። ከዚያ ወደ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ይመለሳል፣ ድምፁን ያስመስላል፣ እንስቃለን።

ባለፈው ጥምቀት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ ቤታችን ቡና ተፈልቶ እናቴ እንዲሁ ጠየቀችው፤ «እና አያ፣ ሁለት ቀኝ ከደረሰው ልጅ ጋር በኋላ ተገናኛችሁ?»

ስኒውን አስቀመጠ። «ተገናኘን» አለ። «አንድ ቀኝ ነበር የሚያስፈልገኝ። ከእግሩ ላይ አወለቅሁት።»

ቶናው ሳይቀዳ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ።