ኤምፒቲፒ ምንድን ነው? የዶፓሚን ሴሎችን መርጦ የሚገድል መርዝ

እ.ኤ.አ. በ1982 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆዜ አካባቢ፣ ሄሮይን የሚወስዱ ጥቂት ሰዎች በድንገት እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ። መናገር አቃታቸው። እጃቸውን ማንሳት እንኳ ትልቅ ሥራ ሆነባቸው። ሲታዩ ቁርጥ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ናቸው። ፓርኪንሰን ግን ባብዛኛው በስተርጅና፣ ዓመታት ወስዶ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። እነዚህ ሰዎች እንዲህ የሆኑት በቀናት ውስጥ ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ዊሊያም ላንግስተንና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ተከታትለው ደረሱበት። ሰዎቹ የወሰዱት በድብቅ የተቀመመ ሰው ሠራሽ ሄሮይን ነበር። ሲቀመም በስህተት ሌላ ኬሚካል አብሮ ተፈጥሯል። ስሙ ኤምፒቲፒ ነው። ግኝቱ በ1983 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ፓርኪንሰንን በእንስሳት ላይ ለማጥናት ከሚያገለግሉት መርዞች ዋናው እሱ ሆነ።

ዶፓሚን የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ኬሚካል ነው፤ ፓርኪንሰን ላይ የሚሞቱት ይህን የሚያመነጩት ሴሎች ናቸው። ይህ መርዝ እንዴት ነው ዶፓሚን የሚያመነጩትን ሴሎች ብቻ ለይቶ የሚያገኘው? እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ኤምፒቲፒ በራሱ ያን ያህል ገዳይ አይደለም። ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ ያልፋል። እዚያ አስትሮሳይት የሚባሉ፣ የነርቭ ሴሎችን የሚደግፉ ሴሎች ይቀበሉታል። እነሱ ውስጥ ያለው ማኦ-ቢ የተባለ ኢንዛይም ኤምፒፒ ፕላስ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። እውነተኛው መርዝ ይህ ነው።

ዶፓሚን የሚያመነጭ ሴል ደግሞ አንድ ልማድ አለው። የለቀቀውን ዶፓሚን ሜዳ ላይ አይተወውም፤ መልሶ ይሰበስበዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ በር አለው። ኤምፒፒ ፕላስ ለዚያ በር ዶፓሚን ይመስለዋል። ሴሉ ንብረቴ ነው ብሎ መርዙን በገዛ እጁ ያስገባዋል። ይህ በር እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ኤምፒቲፒ ሲሰጣቸው ሴሎቻቸው ይተርፋሉ። ማኦ-ቢን የሚያግድ መድኃኒት ቀድሞ ከተሰጠም ጉዳቱ አይደርስም።

መርዙ ከገባ በኋላ የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይከማቻል። እዚያም ኮምፕሌክስ አንድ የሚባለውን፣ የኃይል ምርቱን የመጀመሪያ ጣቢያ ይዘጋል። ሴሉ ጉልበት ያጣል። ከተዘጋው መስመር ያፈተለኩ ኤሌክትሮኖች ከኦክስጅን ጋር ተገናኝተው የሴሉን ፕሮቲንና ስብ የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይፈጥራሉ። ሴሉ ይሞታል።

ሁሉም እንስሳ ግን እኩል አይጎዳም። አይጠ መጎጥ ኤምፒቲፒን በደንብ ይቋቋማል። ጦጣ ላይ ግን ሕመሙ ሰው ላይ እንደሚታየው ነው፤ መገተር፣ መዘግየት፣ ማጎንበስ። ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ለሚሰጠው ሌቮዶፓ ለተባለ መድኃኒትም እንደ ሰው ይታዘዝለታል።

ለአይጠ መጎጥ የተለመደው መርዝ 6-ሃይድሮክሲዶፓሚን ነው። ይህም በዚያው በር ይገባል፤ ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ ግን በመርፌ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ይወጋል። በአንድ በኩል ብቻ ሲወጋ እንስሳው በተወሰኑ መድኃኒቶች ክብ እየሠራ ይዞራል። ተመራማሪዎች ዙሩን ቆጥረው ጉዳቱን ይለካሉ።

ሦስተኛው ሮተኖን ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ብርብራን ያውቃታል። ፍሬዋ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዛል፣ ይንሳፈፋል። ፍሬዋ ውስጥ ያለው አንዱ መርዝ ሮተኖን ነው። የሚዘጋውም ያንኑ ኮምፕሌክስ አንድን ነው። ሮተኖን የትኛውንም በር አይፈልግም፤ ያገኘው ሴል ሁሉ ውስጥ ይገባል። ሆኖም በ2000 የጢሞቲ ግሪናማየር ቡድን በትንሽ በትንሹ ለሳምንታት ለአይጠ መጎጦች ሲሰጥ፣ ጎልቶ የተጎዳው የዶፓሚን ሥርዓት ሆነ። ስለዚህ ነገሩ የበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እነዚህ ሴሎች ያለ እረፍት የሚሠሩ፣ እጅግ ብዙ ቅርንጫፍ የሚመግቡ ናቸው። ኃይል ሲያጥር ብዙ አይችሉም።

እንስሳትን እንዲህ መጉዳት ለማንም ቀላል ነገር አይደለም። ውጤቱን ግን ሕመምተኞች ያውቁታል። በ1990 ኤምፒቲፒ በተሰጣቸው ጦጣዎች ላይ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ሥራው እንዲቆም ሲደረግ እንስሳቱ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፈረንሳይ፣ ግረኖብል ውስጥ የአሊም ሉዊ ቤናቢድ ቡድን በዚያው ቦታ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለሕመምተኞች አስገባ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሰጥ ሕክምና ነው።

በመርዝ የሚፈጠረው ጉዳት ግን እውነተኛውን ሕመም ሙሉ በሙሉ አይመስልም፤ ይህም መታወቅ አለበት። ኤምፒቲፒ ሴሎቹን በቀናት ይገድላል፣ በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ የሚታዩት ሌዊ ቦዲ የተባሉ የፕሮቲን ክምችቶችም ባብዛኛው አይታዩበትም። አይጥን ያዳነ መድኃኒት ሰው ላይ ሲደርስ የከሸፈውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1999 ደግሞ ኤምፒቲፒ ወስደው ከዓመታት በኋላ ያረፉ ሦስት ሰዎች አንጎል ተመርምሮ ውጤቱ ታተመ። መርዙ ከሰውነታቸው ከወጣ ዘመን ሆኖታል። የዶፓሚን ሴሎቻቸው ግን አሁንም እየሞቱ፣ ዙሪያቸውም እየተቆጣ ነበር።