የወለል ፕላንን በጥራት ወደ ምስል ማውጣት፦ ከሰሜን ሸዋ የግንባታ ሥራ አንጻር

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የሚያስገነባ ሰው ፕላኑን መጀመሪያ የሚያየው በስልኩ ነው። ወረቀቱ በኋላ ይመጣል። ዲዛይኑን የሠራው ባለሙያ በቴሌግራም ይልክለታል። አስገንቢው ለሚስቱ ያሳያል፣ ውጭ አገር ላለች እህቱ ያስተላልፋል፣ ሲስማሙ ለፎርማኑ ይልካል። ፎርማኑ ደግሞ ለግንበኛው። ሳይት ላይ የሚከፈተው ፕላን እንግዲህ ብዙ እጅ የዞረ ምስል ነው። ያ ምስል ከደበዘዘ 3.60 የሚለው ቁጥር 3.80 ተብሎ ይነበባል። ሃያ ሴንቲ ሜትር ደግሞ ቀላል አይደለም። መኝታ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን የሚገባበትና የማይገባበት ልዩነት ነው።

የወለል ፕላን ቤቱን ከወለሉ 1.20 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአግድም ቆርጠን ከላይ ብናየው የሚታየን ሥዕል ነው። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ የክፍሎቹ ስፋት ሁሉ እዚያ ላይ ይነበባል። ዛሬ በእጅ የሚስለው ጥቂት ነው። አብዛኛው በአውቶካድ፣ በአርኪካድ ወይም በሬቪት ይሠራል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያስቀምጡት ፋይል ግን ባለቤቱ ስልክ ላይ እንዲሁ አይከፈትም። ስለዚህ ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ምስል ይወጣል። ባለሙያዎች «ኤክስፖርት ማድረግ» የሚሉት ይህን ነው።

ሰሜን ሸዋ ላይ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በፍጥነት እያደገች ያለች ከተማ ናት። ከዚያ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ይወረዳል። በሌላ በኩል መንዝ መሐል ሜዳ አለ፤ በሌላው መርሐቤቴ ዓለም ከተማ። ዲዛይነሩ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ፣ ባለቤቱ ሥራው ያለበት ቦታ፣ ግንበኛው ደግሞ ሳይት ላይ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኙ ቤቱ ያልቃል። የሚያገናኛቸው ያ ምስል ነው።

መስመርና ነጥብ

አውቶካድ ውስጥ ያለ ግድግዳ የተጻፈ ልኬት ነው። ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ፣ ውፍረቱ ይህን ያህል ይላል። ምንም ያህል ቢቀርቡት አይደበዝዝም። ምስል ግን የነጥቦች ሰሌዳ ነው። ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ ሲያጎሉት የሚጨምር ነገር የለም። ፕላኑ ከመስመር ወደ ነጥብ በሚቀየርባት ቅጽበት ያልተያዘ ዝርዝር በኋላ አይመለስም። ጥራት በማጉያ አይጨመርም የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ስንት ነጥብ ይበቃል? መልሱ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። ለሕትመት የተለመደው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው፤ 300 ዲፒአይ ይባላል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዷ ነጥብ 0.085 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። በዚህ ስሌት ኤ4 ወረቀት 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ኤ3 ደግሞ 3508 በ4961፣ ኤ1 7016 በ9933።

አሁን ብዙ ሰው የሚያደርገውን እንይ። ፕላኑን ስክሪኑ ላይ ይከፍትና ስክሪንሾት ያነሳል። የብዙ ቆየት ያሉ ላፕቶፖች ስክሪን 1366 በ768 ፒክስል ነው። ያ ምስል በአግድም በተቀመጠ ኤ3 ላይ ሙሉ ስፋቱን ይዞ ሲታተም በአንድ ኢንች የሚደርሰው 83 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። ፕላን ላይ የልኬት ቁጥር ብዙ ጊዜ በ2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ይጻፋል። በ300 ዲፒአይ ያ ቁጥር 30 ያህል ነጥብ ቁመት አለው፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። በስክሪንሾቱ ግን 8 ነጥብ ይቀረዋል። 6፣ 8 እና 0 የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው።

መስመሮቹም እንዲሁ። በፕላን ላይ የመስመር ውፍረት ቋንቋ ነው። የተቆረጠ ግድግዳ 0.5 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ይሰመራል፤ ዕቃና የወለል ንጣፍ 0.13 ወይም 0.18 ሆነው ይቀጥናሉ። በ300 ዲፒአይ ግድግዳው 6 ነጥብ፣ ቀጭኑ መስመር ደግሞ አንድ ነጥብ ተኩል ያህል ያገኛል። ልዩነቱ ይታያል። በ83 ዲፒአይ ግን አንዷ ነጥብ ራሷ 0.3 ሚሊ ሜትር ናት። ስለዚህ 0.13ም 0.25ም አንድ ይሆናሉ። ግንበኛው የቱ ግድግዳ፣ የቱ የጠረጴዛ ጠርዝ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

በየፕሮግራሙ እንዴት ይወጣል

አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ፕሮግራም ነው፤ እስከ ዛሬም በብዙዎች እጅ ያለው እሱ ነው። በውስጡ ሁለት ዓለም አለ። ሞዴል በሚባለው ቤቱ በእውነተኛ ልኩ ይሳላል። ሌይአውት በሚባለው ደግሞ ወረቀቱ ይዘጋጃል። ምስል መውጣት ያለበት ከሌይአውት ነው። እዚያ የወረቀቱ መጠን ይመረጣል፣ ስኬሉ፣ ማለትም ሥዕሉ ከእውነተኛው ልክ ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ ይቆለፋል፣ የፕላኑ ስምና ቀን የሚጻፍበት ሣጥን ይገባል። 12 በ10 ሜትር የሆነ ቤት በ1፡100 ሲወጣ 12 በ10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለኤ4 ይመቻል። በ1፡50 ግን 24 በ20 ይሆንና ከነልኬቱ ኤ3 ይፈልጋል። ለግንበኛ የሚሄድ ከሆነ እኔ ሁልጊዜ 1፡50ን እመርጣለሁ።

አውቶካድ በቀጥታ ፒኤንጂ ወደሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ማተም ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱን የሚቆጥረው በፒክስል ነው። አዲስ የወረቀት መጠን ካልፈጠሩለት ትንሽ ምስል ይሰጣል፤ የመስመሮቹ ውፍረትም ይዛባል። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መንገድ በሁለት እርምጃ መሄድ ነው። መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ ማውጣት፤ ፒዲኤፉ መስመሩን መስመር አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ያንን ፒዲኤፍ ጊምፕ ወይም ኢንክስኬፕ ላይ ከፍቶ በ300 ዲፒአይ ወደ ምስል መቀየር። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ የሥዕል ፕሮግራሞች ናቸው። ፎቶሾፕ ያለው በእሱም ይሠራል።

ሬቪት ቀለል ይላል። ምስል ኤክስፖርት ሲደረግ 72፣ 150፣ 300 ወይም 600 ብሎ ያስመርጣል። አርኪካድም ከሌይአውቱ ፒዲኤፍም ምስልም ያወጣል። 600 ሁልጊዜ የተሻለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኤ3 ፕላን በ600 ሲወጣ ግን 70 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ይሆናል። ሲከፈት 200 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይበላል። የግንበኛው ስልክ ይንቀራፈፋል ወይም ጭራሽ አይከፍተውም። ለስልክ 300 ይበቃል።

ቀለሙ አይረሳ። አውቶካድ ላይ ጥቁር መደብ ላይ ደምቆ የሚታየው ቢጫ መስመር ነጭ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይጠፋል። ሁሉንም ወደ ጥቁር የሚቀይረው የማተሚያ ስታይል መመረጥ አለበት፤ ሞኖክሮም ይባላል። ሌላው ደግሞ መደቡ ነው። መደብ የሌለው ፒኤንጂ በጨለማ ሁነታ ላይ ባለ ስልክ ሲከፈት ጥቁር መስመር በጥቁር ላይ ይሆናል። ባለቤቱ «የላክልኝ ባዶ ነው» ብሎ ይደውላል። መደቡን ነጭ መሙላት ነው መፍትሔው።

ፒኤንጂ ወይስ ጄፔግ

ለፕላን ፒኤንጂ ይሻላል፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ። ጄፔግ ለፎቶግራፍ የተሠራ ነው። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ሣጥኖች ይከፋፍልና ዓይን አያስተውለውም ያለውን ይጥላል። የአንኮበር ተራራ ፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም። ስል ጥቁር መስመር በነጭ ላይ ሲሆን ግን በመስመሩ ዙሪያ ግራጫ ጉም ይሠራል። ቁጥሮቹ በጉሙ ውስጥ ይገባሉ። ደግሞ ፋይሉ በየጊዜው ተከፍቶ እንደገና ሲቀመጥ ጉሙ ይጨምራል። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም። ፕላን አብዛኛው ነጭ ስለሆነም የፒኤንጂው ፋይል መጠን ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው።

የግዕዝ ፊደል

ይህ የእኛ የራሳችን ጉዳይ ነው። የአውቶካድ የቆዩ ፊደላት ግዕዝን አያውቁም። «ሳሎን» ወይም «ማድ ቤት» ብለው ሲጽፉ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ቢመረጥ ችግሩ ይቃለላል። በምስል ማውጣት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ፊደሉ አንዴ ነጥብ ከሆነ በኋላ በማንም ስልክ ላይ ያው ነው፤ ፎንት አይጠይቅም።

መጠኑ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ላቲንና ቁጥር በ2.5 ሚሊ ሜትር ይነበባሉ። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። ሰ እና ሱ፣ በ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። ስለዚህ የክፍሉን ስም በ3 ወይም በ3.5 ሚሊ ሜትር መጻፍ ይሻላል። ሰው «የሥዕሉን ውበት ያበላሻል» ይላል። ሳይት ላይ ፀሐይ እያንጸባረቀበት ስልክ የሚያነበውን ግንበኛ ማሰብ ነው።

ስኬል፣ መላክ፣ ማተም

ምስል ስኬል የለውም። ጥጉ ላይ «1፡100» ተብሎ ቢጻፍም ስልኩ ላይ ሲጎላና ሲያንስ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» ሲባል ያ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ለዚህ ነው በፕላኑ ላይ ባለ ሜትር መለኪያ መስመር መሳል ያለበት፤ 0፣ 1፣ 2፣ 5 ሜትር እየተባለ የተከፋፈለ። ምስሉ ሲያንስ እሱም አብሮ ያንሳል። ልኬቶቹ ሁሉ በቁጥር መጻፋቸው፣ የሰሜን አቅጣጫ ምልክትም መኖሩ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ መላኩ። እኔን አንድ ጊዜ አሳፍሮኛል። በጥንቃቄ ያወጣሁትን ፕላን በችኮላ እንደ ፎቶ ላክሁት። ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ይቀንሰዋል፤ ወደ ጄፔግም ይቀይረዋል። ፎርማኑ በማግሥቱ ደውሎ «እባክህ የመጸዳጃ ቤቱ ስፋት ስንት ነው? አይታይም» አለኝ። ደግነቱ ጠየቀኝ፤ ገምቶ ቢቆፍርስ? ከዚያ ወዲህ እንደ ፋይል ነው የምልከው። በፋይል መልክ ሲላክ ምንም አይነካም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቻል መጠኑ አያሳስብም። ተቀባዩም ሲያስተላልፍ ያንኑ ፋይል ነው የሚያስተላልፈው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ግን ማውረዱ ይዘገያል። እዚያ ኤ4 መጠን ያለው አንድ ፒኤንጂ አስቀድሞ ይላክና ሙሉው ፒዲኤፍ ይከተል።

ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርበው ፕላን በወረቀት፣ ከነማኅተሙና ከነፊርማው ነው። ምስሉ ያንን አይተካም። ኤ1 የሚያትም ፕሎተር ግን በየወረዳው ከተማ የለም። እንዲህ ሲሆን ኤ3ን በሁለት ኤ4 ከፍሎ ማተምና ማጣበቅ ይቻላል፤ ኤ1 ከሆነ ስምንት ኤ4 ይሆናል። ሲታተም «መጠኑን እንዳለ» የሚለው መመረጥ አለበት። ከታተመ በኋላ ባለ ሜትር መስመሩን በማስመሪያ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የቆዩ ቤቶች

ይህ ሥራ ለአዲስ ቤት ብቻ አይደለም። የመንዝ የድንጋይ ቤቶች ወፍራም ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ያላቸው ናቸው። በቆርቆሮ እየተተኩ ነው። ሜትር ይዞ ሄዶ ለክቶ፣ ስሎ፣ በጥራት ምስል አድርጎ ማስቀመጥ የሚችል ወጣት በየቦታው አለ። 60 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ግድግዳ በ1፡50 ሲሳል 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ድንጋዩን በድንጋይ ለማሳየት ቦታ አለው። በእጅ የተሳለ አሮጌ ፕላን ሲገኝ ደግሞ በስልክ ካሜራ ማንሳት አይበቃም። ካሜራው ያዘነብላል፣ ጠርዙን ያጎብጣል፤ ከእሱ ላይ ልኬት መውሰድ አይቻልም። ጠፍጣፋ ስካነር ላይ ከ300 እስከ 400 ዲፒአይ ይነበብ።

በመጨረሻ በየምስሉ ጥግ ቀንና የማሻሻያ ቁጥር ይጻፍ፤ በፋይሉ ስም ላይም እንዲሁ። ከደብረ ብርሃን «በሩ ወደ ምሥራቅ ዞሯል» ተብሎ አዲስ ፕላን ሲላክ፣ ሳይቱ ላይ ያለው ግንበኛ ስልኩ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ፕላን ይኖረዋል። የትኛው የኋለኛው እንደሆነ የሚነግረው ያ ቀን ነው። አዲሱ ሲደርስ አሮጌውን «አጥፋው» ብሎ መደወልም ጥሩ ነው።