«ና» ምንድን ነው? አንዲት ድምፅ በስንት ቋንቋ ስንት ነገር ትላለች

«ናና እየው» ስንል አፋችን ውስጥ ሁለት «ና» አለ። የኋለኛው ትንሽ ጠበቅ ይላል እንጂ ድምፁ አንድ ነው፣ ፊደሉም አንድ ነው፣ ግን ሁለቱ በስጋም በአጥንትም አይገናኙም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፣ ወደኔ ቅረብ ማለት። ሁለተኛው ሁለት ድርጊት የሚያያይዝ ነው። ካላመናችሁ ለሴት አድርጋችሁ ሞክሩት፣ «ነይና እዪው» ይሆናል፣ የፊተኛዋ ተቀየረች የኋለኛዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ለብዙ ሰው «ኑና እዩት»፣ አሁንም የኋለኛዋ እዛው ናት።

እና አንድ ሰው መጥቶ «ና ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምመልስለት በየትኛው ቋንቋ ብዬ ነው፣ ከዛም በአማርኛ ካለኝ የትኛዋ «ና» ብዬ። ይቺን ቃል በጣም ነው የምወዳት፣ ምክንያቱም ቋንቋ እንዴት እንደሚሰራ በአንድ ፊደል ታሳያለች።

ከራሳችን እንጀምር። «መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት» እያልን ሄደን ትእዛዙ ጋ ስንደርስ በደንቡ «ምጣ» ማለት ነበረብን፣ ግን ማንም እንደዛ አይልም፣ «ና» ነው የምንለው፣ የ«መጣ» አንድም ፊደል የሌለበት ቃል። አሉታ ስናደርገው ደግሞ ያው የጠፋው «መጣ» ተመልሶ ይመጣል፣ «አትና» ሳይሆን «አትምጣ»። ለትልቅ ሰውም «ይምጡ» ነው። ማለት «ና» የምትሰራው ለአንተ፣ ለአንቺና ለእናንተ ስናዝ ብቻ ነው፣ ሌላው ቦታ ሁሉ የ«መጣ» ነው። የቋንቋ አጥኚዎች እንዲህ አይነቱን፣ ማለትም አንድ ግስ ለአንዱ ቅርፁ ከሌላ ስር ቃል ሲበደር፣ ሰፕሊሽን ይሉታል። ደግሞ ብቻችንን አይደለንም፣ አረብኛ «መጣ» ለማለት «ጃአ» ይልና «ና» ለማለት «ተዓል» ይላል፣ ግሪክኛም «እመጣለሁ» ሲል «ኤርሆሜ» ብሎ «ና» ሲል ግን «ኤላ» ይላል። ሰው ሲጠራ የሚጠቀምበት ቃል በየቋንቋው ለብቻው የመቆም ጠባይ አለው።

ይቺ «ና» ስትወለድ ግን አጭር አልነበረችም። ግዕዙ «ነዓ» ነው፣ ለሴት «ንዒ»፣ ለብዙ «ንዑ»። ትግርኛ ዛሬም ጉሮሮ ውስጥ ያለውን «ዓ» ሳይጥል «ንዓ» ይላል። አማርኛ እነዚህን የጉሮሮ ድምፆች ሲጥል «ነዓ» ተጨፍልቆ «ና» ሆነ፣ «ንዑ» ደግሞ «ኑ»። ስለዚህ አሁን በአንዲት ፊደል የምንጽፋት ቃል ተበልታ ተበልታ የቀረች ነች።

አሁን ከአማርኛ እንውጣ። ስዋሂሊ ውስጥ «ሚሚ ና ዌዌ» ማለት «እኔና አንተ» ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው በጣም ነበር የገረመኝ፣ ምክንያቱም ድምፁም ትርጉሙም የኛው አያያዥ «ና» ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ለብቻው ይጽፉታል እኛ ከቃሉ ጋር እንለጥፈዋለን። ግን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የስዋሂሊው «ና» ከኛው ይሰፋል፣ «ጋር»ንም ይጨምራል። «መጽሐፍ አለኝ» ለማለት «ኒና ኪታቡ» ይላሉ፣ ቃል በቃል «እኔ ከመጽሐፍ ጋር» ነው፣ ያ ነገር አለኝ ለማለት ከሱ ጋር ነኝ ማለት በቂ ነው ለነሱ። ከዛ ደግሞ «ኒናሶማ» ሲሉ «እያነበብኩ ነው» ማለት ሲሆን መሀል ላይ ያለችው «ና» አያያዥ አይደለችም፣ ድርጊቱ አሁን መሆኑን የምትነግር ናት። በአንዱ ቋንቋ ውስጥ ራሱ ሁለት ስራ ይዛለች ማለት ነው፣ እንደኛው።

ራሺያኛ ውስጥ «ና» ማለት «ላይ» ነው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ወንበር ላይ። ፖላንድኛም፣ ሰርብኛም እንዲሁ። ግን ራሺያኛ ሌላም «ና» አለው፣ አንድ ሰው እቃ ዘርግቶ «ና!» ካለ «እንካ» ማለቱ ነው። እስቲ በአይነ ህሊናችሁ እዩት፣ አንድ አማርኛ ተናጋሪና አንድ ራሺያዊ ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው «ና!» ይላሉ፣ አንዱ ሰውየውን ነው የሚፈልገው ሌላው እቃውን ነው የሚሰጠው። ድምፁ አንድ፣ የእጁ እንቅስቃሴ አንድ፣ ሃሳቡ የተገላቢጦሽ።

ፋርስኛ ጋ ስትሄዱ «ና» እምቢ ነው፣ አይ ማለት። ሂንዲም «ና»ን ለአሉታ ይጠቀምበታል፣ ግን ሂንዲ ውስጥ በጣም የምወደው አረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲያስገቡት ነው፣ «ሄ ና?» ሲሉ «ነው አይደል?» ማለታቸው ነው። እኛም እኮ «አይደል?» ስንል አሉታ ነው የምንጠቀመው፣ ግን እየካድን አይደለም፣ እሺ በለኝ እያልን ነው። «ቻሎ ና» ካሉ ደግሞ «እንሂድ በቃ፣ እሺ በለኝ» የሚል ልመና ይሆናል። የእምቢታ ቃል ተለሳልሶ ልመና ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

ከዚህ ሁሉ ግን ጆሮ የሚፈትነው ዜማ ያላቸው ቋንቋዎች ጋ ነው። ቻይንኛ (ማንዳሪን) ውስጥ «ና»ን ድምፃችሁን ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ ካላችሁት «ያዝ፣ አንሳ» ነው፣ ዝቅ አድርጋችሁ ጎንበስ ካላችሁበት «የትኛው?» ነው፣ ከላይ ወደ ታች ቁርጥ ካደረጋችሁት «ያ» ነው። ልብ በሉ፣ «የትኛው?» የሚለው ጥያቄና «ያኛው» የሚለው መልስ በፊደል ድምፅ አይለያዩም፣ በዜማ ብቻ ነው። በጽሁፍ ሲሆን ደግሞ የጥያቄው ምልክት ያው የ«ያ» ምልክት ሆኖ ጎኑ ላይ ትንሽ የአፍ ስእል ይጨመርበታል። ታይላንድኛም «ና»ን ረዘም አድርጎ በመካከለኛ ድምፅ ሲለው የሩዝ ማሳ ነው፣ በሚወርድ ድምፅ ፊት ነው፣ በሚነሳ ድምፅ ወፍራም ነው፣ በከፍተኛ ድምፅ ደግሞ የእናት ታናሽ፣ አክስትም ትሁን አጎት። ለኛ ጆሮ ሁሉም «ናናናና» ነው፣ ለነሱ ግን አራት ፍፁም የማይገናኙ ቃላት ናቸው፣ እኛ «ገና» ብለን ላልቶና ጠብቆ ሲለያይብን ለውጭ ሰው እንደማይሰማው ማለት ነው።

ጃፓንኛ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ኢኩ» መሄድ ነው፣ «ኢኩ ና» ካላችሁ «እንዳትሄድ!» ነው። «ኢኪ ና» ካላችሁ ግን «ሂድ በል» ነው። በቃ አንዲት «ኡ» ወደ «ኢ» ተቀየረችና ክልከላው ትእዛዝ ሆነ። ይሄ የሆነው ሁለቱ «ና»ዎች ከተለያየ ቦታ ስለመጡ ነው፣ የኋለኛዋ «ናሳይ» የሚባል የትእዛዝ ቃል ተቆርጦ የቀረ ጫፍ ናት። ልክ የኛ «ነዓ» ተቆርጦ «ና» እንደሆነው።

ሌሎቹን በሩጫ ልንገራችሁ። ኮሪያኛ «ና» እኔ ነው፣ ከጓደኛ ጋር ሲሆን፣ ትልቅ ሰው ፊት ግን ራስን ዝቅ አድርጎ «ጆ» ነው የሚባለው። ሀውሳ «ና ጋኒ» ሲል «አየሁ» ነው፣ እዛም «ና» እኔን የምታሳይ ናት። ጀርመኖች «ና?» ብለው ብቻ ሰላም ይባባላሉ፣ እንደ «እህስ?» አይነት። ፖርቹጋልኛ «ና» ውስጥ ማለት ነው፣ ግን ለሴቴ ስም ብቻ፣ ለወንዴ «ኑ» ይሆናል። የናይጄሪያ ፒጂን (ከእንግሊዝኛ የወጣው ቅይጥ ቋንቋ) ደግሞ «ና ሚ» ይላል፣ «እኔ ነኝ» ለማለት።

ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ? አንደኛው ምክንያት አፋችን ነው። «ን» ለማለት ምላስን ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ማስነካት ነው፣ «ኣ» ለማለት አፍን መክፈት ነው፣ ሁለቱም በአለም ላይ በብዛት ከሚገኙ ድምፆች ውስጥ ናቸው። በአለም ላይ ከ7,000 በላይ ቋንቋ አለ፣ የሁሉም ተናጋሪዎች አፍ ደግሞ አንድ አይነት ነው። አንድ ቋንቋ 20 ተነባቢና 5 አናባቢ ቢኖረው እንደ «ና» አይነት አጭር ቀለም ማውጣት የሚችለው 100 ብቻ ነው፣ በየቀኑ የሚያስፈልጉት ትንንሽ ቃላት ግን፣ እኔ፣ እና፣ ላይ፣ አይ፣ ያ፣ የኛ የሚሉት፣ ብዙ ናቸው። መጋጨታቸው የግድ ነው።

ሁለተኛው፣ ጆርጅ ዚፍ የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ ያሳየው ነገር አለ፣ ብዙ የምንጠቀምበት ቃል አጭር ይሆናል። ለዛ ነው «ና» በየሄደችበት ቋንቋ ዝሆን ወይም ተራራ ማለት ሆና ብዙ የማናገኛት፣ አብዛኛውን ጊዜ የቋንቋው ማጣበቂያ ሆና ነው የምናገኛት። ሶስተኛውና ትልቁ ደግሞ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር የሚባለው ስዊዘርላንዳዊ ሲያስተምረው የነበረና ከሞተ በኋላ በ1916 የታተመው ሃሳብ ነው፣ ድምፅና ትርጉም በተፈጥሮ አልተጋቡም፣ ያጋባቸው የተናጋሪዎቹ ስምምነት ነው የሚል። «ና» ውስጥ «መምጣት» የሚባል ነገር የለም። እኛ ነን ያስገባነው።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ተመሳሳይ ቃል ባየ ቁጥር «እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው» ማለት። አይደለም! የአየርላንድ ቋንቋ «ና ፊር» ሲል «ወንዶቹ» ማለት ነው፣ «ና» ብዛትን የምታሳይ «-ኦቹ» ናት። ሃዋይኛ «ና ኬይኪ» ሲል «ልጆቹ» ነው፣ ቁጭ የዛችው ስራ። ግን አንዱ አትላንቲክ ዳር ሌላው ፓሲፊክ መሀል ነው፣ የቋንቋ ቤተሰባቸውም ጭራሽ አይገናኝም። አጋጣሚ ነው። የኛና የስዋሂሊው «ና»ም እንደዛው። የፋርስኛውና የሂንዲው «ና» (አይ) ግን እውነተኛ ዘመዳሞች ናቸው፣ የራሺያኛው «ኔ»ና የእንግሊዝኛው «ኖ»ም እዛው ቤት ናቸው። ልዩነቱ በምን ይታወቃል ካላችሁ በአንድ ቃል አይታወቅም፣ ቋንቋዎቹ በብዙ ቃላት ላይ በተደጋጋሚ በአንድ አይነት ህግ ሲገጣጠሙ ነው ዘመድ የሚባሉት።

የኛው ቤተሰብ ውስጥም እንዲህ አይነት «ና» አለች፣ የሴማውያኑ «የኛ»። ግዕዝ «አቡነ» ይላል፣ አባታችን። አረብኛ «አቡና»፣ ትግርኛ «ኣቦና»። አማርኛ «አባታችን» ሲል «ን»ዋ ብቻ ናት የቀረችው። በዱአ ላይ «ረበና አቲና» ሲባል ሁለት «ና» አለ፣ የመጀመሪያዋ «ጌታ*ችን*» ውስጥ ያለችው ስትሆን ሁለተኛዋ «ስጠ*ን*» ውስጥ ያለችው ናት፣ አንዷ የኛ ሌላዋ ለኛ።

«ሆሳዕና» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ና» ግን ከነዚህ ውስጥ የለችም፣ የዕብራይስጥ «እባክህ» ናት። «ሆሺዓ» አድን ነው፣ «ና» እባክህ፣ አንድ ላይ ሲጨመቁ ሆሳዕና። ግሪክኛ የ«ዕ»ን ድምፅ የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው ዘሎታል፣ ግዕዙ ግን ጽፎታል። «ማራናታ» ደግሞ አራማይክ ነው፣ ሁለት አይነት አከፋፈል አለው፣ «ማራን አታ» ብለው ከከፈሉት «ጌታችን መጥቷል» ነው፣ «ማራና ታ» ካሉት ደግሞ «ጌታችን ሆይ ና»። በዚህ በሁለተኛው ትርጉሙ ውስጥ መምጣት ስላለ የአማርኛ ጆሮ መሀል ላይ ያለችውን «ና» ይዞ እሷ ናት የምትጣራው ሊል ይችላል፣ እሷ ግን የ«ጌታችን» ናት፣ የምትጣራዋ መጨረሻ ላይ ያለችው «ታ» ናት።